ርዕሱ ለምን ዘመመ?

ሁለቱ የሚነጋገሩት አሶሳ ውስጥ ነው። መምህሩ በ1977ቱ ሰፈራ በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ባገኙ ቁጥር በደብተር ይመዘግባሉ። ፕሮግራመሯ የባምባሲ ልጅ ናት። ደብተሩን ወደ ድረ ገጽ እየቀየረችላቸው ነው።

መምህሩ፦ ምነው ልጄ፣ መጻሕፍቴን ምን ነካብኝ? ሁሉም እንደ ሰካራም ዘመዋል።

ፕሮግራመሯ፦ የዘመመው ርዕሱ ብቻ ነው ጋሼ። ሌላው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መምህሩ፦ እሱንማ አየሁ። ለምን ዘመመ ነው የምልሽ። እኔ በደብተሬ «አዲስ ዘመን» ብዬ በጥቅስ ምልክት ነው የጻፍኩት። አንዳንዱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። አዝምሜ የጻፍኩት ግን የለም።

ፕሮግራመሯ፦ እኔም አላዘመምኩትም። ድረ ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል ውስጥ የአንድን ሥራ ርዕስ ለይቶ የሚያሳውቅ ሳይት የሚባል ታግ አለ። ርዕሱን በእሱ ከከበብኩት በኋላ ብሮውዘሩ በራሱ ልማድ አዘመመው። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ርዕስ ዘመም ብሎ ስለሚታተም ብሮውዘር የሠሩት ሰዎች ያንኑ ወሰዱ።

መምህሩ፦ ልማዱ የነሱ ነዋ! ዘማማውን ፊደል ቬኒስ ላይ አልዱስ ማኑቲዩስ ነው መጽሐፍ ያተመበት፣ እ.ኤ.አ. በ1501። የኛ ፊደል በማተሚያ የወጣው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ1513፣ እዚያው ጣልያን፣ ሮም ውስጥ ነው። ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት። በዘመንም በአገርም ያን ያህል ተቀራርበው ሳለ የኛ ሕትመት ርዕስ ማዝመምን አልለመደም። የኛ ጸሐፊ አንድን ነገር ለይቶ ማሳየት ሲፈልግ ቀይ ቀለም ያነሣል። ሲታተም ደግሞ የጥቅስ ምልክት መጣ።

ፕሮግራመሯ፦ በዚያ ላይ የሚያዩት ዘማማ እውነተኛ አይደለም። የኛ ፎንቶች አብዛኞቹ ለብቻው የተቀረጸ ዘማማ ፊደል የላቸውም። ብሮውዘሩ ሲያጣ ቀጥ ያለውን ወደ ቀኝ ገፍቶ ያጋድለዋል። «ጸ» እና «ጰ» ላይ ይዩት፤ ሊወድቁ ያሉ ይመስላሉ።

መምህሩ፦ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ታጉን አውጪውና እንገላገል።

ፕሮግራመሯ፦ መዝመሙን አወጣዋለሁ፤ የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ አንድ መስመር ነው። ታጉን ግን አላወጣም።

መምህሩ፦ መዝመሙ ከጠፋ ታጉ ምን ሠራ? ለአንባቢ የማይታይ ነገር ለማን ነው?

ፕሮግራመሯ፦ ባለፈው ምን ብለው እንዳዘዙኝ ያስታውሱ። «አንድ ቦታ ጉምዝ፣ ሌላ ቦታ ጉሙዝ እያልን አንባቢ አናደናግር፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ከገጽ ገጽ አይቀያየሩ» ብለውኝ ነበር። እኔም ገጹን ሁሉ አስሶ የፊደል አጻጻፉን አንድ ዓይነት የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ።

መምህሩ፦ ጥሩ አደረግሽ።

ፕሮግራመሯ፦ አሁን ያ ፕሮግራም በ1950ዎቹ የታተመ መጽሐፍ ርዕስ ላይ ይደርሳል። ደራሲው በ«ሠ» የጻፈውን ወደ «ሰ» ይለውጠዋል። ከዚያ አንድ ሰው ከእርስዎ ዝርዝር ርዕሱን ገልብጦ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ሲፈልገው ያጣዋል። ሳይት ታግ ካለ ግን ፕሮግራሙን «ሳይት ውስጥ ያለውን አትንካ» እለዋለሁ፤ በቃ።

መምህሩ፦ እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?

ፕሮግራመሯ፦ እንዲህ ነው። ታጉ «ይህ ቃል የኛ አይደለም፣ የሌላ ሰው ሥራ ርዕስ ነው» ብሎ ይናገራል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል፤ እንደኛ አንድን ቃል ሆሄ እያቀያየረ አይጽፍም። ለኛ ግን ዋናው ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ቆይ እስቲ፣ የትሪውልዚን መጽሐፍ ልየው። አሌሳንድሮ ትሪውልዚ፣ ናፖሊ፣ እ.ኤ.አ. 1981። «ሶልት፣ ጎልድ ኤንድ ሌጂቲመሲ»። ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊ ሥልጣን እንደ ማለት ነው፤ ስለዚህ አገር የ19ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም። ንዑስ ርዕሱ ላይ «ቤላ ሻንጉል» ይልና ቀጥሎ «ወለጋ» ይላል። መጽሐፉ ሲታተም አሶሳ በወለጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረችና።

ፕሮግራመሯ፦ የኔ ፕሮግራም ቢያገኘው «ቤላ ሻንጉል»ን «ቤኒሻንጉል» አድርጎ ያርመው ነበር።

መምህሩ፦ ይሄማ ወንጀል ነው! ስሙ በምን ዘመን እንዴት ይጻፍ እንደነበር የሚነግረን እኮ እሱ ነው። እሺ፣ ታጉ ይቀመጥ፤ አሳመንሽኝ። ግን እኔ ደራሲውንም እዚያው ውስጥ አስገቢልኝ እላለሁ። መጽሐፍ ያለ ጸሐፊው ምንድን ነው?

ፕሮግራመሯ፦ እዚህ ላይ ኤችቲኤምኤል የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሲጣሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ሳይትን ሲገልጽ የመጽሐፍ ርዕስ ወይም ሌላ ዋቢ ብሎ ነበር። በ1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4 ደግሞ ሰፋ አደረገው፤ ምሳሌ ሲሰጥም የሰው ስም ነው ታጉ ውስጥ ያስገባው፣ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ትሩማንን። ኤችቲኤምኤል 5 ሲረቀቅ መልሰው አጠበቡት፤ የሥራ ርዕስ ብቻ እንጂ የሰው ስም አይግባ አሉ። ጄረሚ ኪት የሚባል የድረ ገጽ ጸሐፊ በ2009 «የተከለከለውን ጥሳችሁ የሰው ስምም አስገቡ» ብሎ በአደባባይ ቀሰቀሰ።

መምህሩ፦ እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ።

ፕሮግራመሯ፦ ብዙ ሰው ከእሱ ጋር ነበር። ደብልዩ ስሪ ሲ የሚባለው ቡድን በ2014 ያጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 የደራሲን ስም ፈቀደ። ዋትደብልዩጂ የሚባለው ሌላው ቡድን ግን «ርዕስ ብቻ» እንዳለ ቀረ። ለጥቂት ዓመታት ሁለት ሕግ ነበረን ማለት ነው። በግንቦት 2019፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ሁለቱ ቡድኖች ተስማምተው አንዱ የዋትደብልዩጂው ሰነድ ብቻ እንዲቀጥል ሆነ። ስለዚህ አሁን ሕጉ ርዕስ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ በሕጉ ተሸነፍኩ እንጂ በምክንያት አልተሸነፍኩም።

ፕሮግራመሯ፦ ምክንያቱን ከራስዎ ደብተር ልስጥዎ። ቁጥር ሃያ ስንት ላይ ያለው፣ የሆላንዳዊው ተጓዥ መጽሐፍ...

መምህሩ፦ ሁዋን ማሪያ ሽሁቨር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አካባቢ የዞረ፣ በ1883 ባሕር ኤል ጋዛል ውስጥ የተገደለ ወጣት። የጉዞ ጽሑፉን ዌንዲ ጄምስ፣ ጌርድ ባውማንና ዳግላስ ጆንሰን አዘጋጅተውት በ1996 የሃክሉት ማኅበር አሳተመው።

ፕሮግራመሯ፦ ርዕሱስ?

መምህሩ፦ «የሁዋን ማሪያ ሽሁቨር ጉዞዎች በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከ1880 እስከ 1883»። አሃ።

ፕሮግራመሯ፦ አዩ? የሽሁቨር ስም የርዕሱ አካል ስለሆነ ሳይት ውስጥ ይገባል። የሦስቱ አዘጋጆች ስም ርዕስ ስላልሆነ ውጭ ይቀራል። «ሰውም ርዕስም አስገቡ» ብንል አንባቢው፣ አንባቢ ስል ማሽኑንም ማለቴ ነው፣ የመጽሐፉ ስም የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በምን ያውቃል? ደራሲን ማክበር ከፈለግን ለስሙ የራሱን ቦታ እንሰጠዋለን። ደግሞ በኛ አገር የደራሲ ስም በአባት ስም ስለማይፈለግ፣ ስሙ ለብቻው ሙሉ ሆኖ መቀመጡ ይሻላል። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብሎ የመዘገበ ካታሎግ አይተው ተናደው የለ?

መምህሩ፦ አሁንም ተናድጃለሁ። የዶክትሬት ጽሑፉ፣ ለንደን እ.ኤ.አ. 1976፣ ከ1898 እስከ 1935 በምዕራቡ ድንበር ስለነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት። መጽሐፍ ሆኖ ስላልታተመ ርዕሱን ሳይት ትነፍጊዋለሽ?

ፕሮግራመሯ፦ አልነፍገውም። መስፈርቱ ሥራ መሆኑ ነው፤ መታተሙ አይደለም። ሰነዱ ሲዘረዝር መጽሐፍ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ግጥም፣ ዘፈን፣ ፊልም፣ ቴአትር፣ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳይቀር ይጠራል።

መምህሩ፦ ግድብስ?

ፕሮግራመሯ፦ (ትስቃለች) ግድብ የለበትም ጋሼ። የመርከብ ስም ቢሆን አይ የሚባለው ታግ ነበረው፤ ለግድብ ስም ግን ምንም። ሕዳሴ ግድብ ተብሎ ዝም ብሎ ይጻፋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል «አዲስ ዘመን» የጻፈው ዜና ግን ርዕስ አለው፤ ጋዜጣውም ርዕስ አለው። ሁለቱም ሳይት ይሆናሉ።

መምህሩ፦ ዜናውና ጋዜጣው እኩል? እንግሊዝኛው እኮ የጋዜጣውን ያዘማል፣ የጽሑፉን ግን በጥቅስ ያስገባል።

ፕሮግራመሯ፦ ኤችቲኤምኤል ያንን ልዩነት አያውቅም፤ አንድ ታግ ነው ያለው። ማለያየት ከፈለጉ ክላስ የሚባል መለያ እጨምርበታለሁ፣ አንዱን «ጋዜጣ» ሌላውን «ጽሑፍ» ብዬ። መልካቸውን መለየት ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ። አማርኛ አንባቢ «በአዲስ ዘመን ላይ» የሚለውን አይቶ የትኛው ጋዜጣ የትኛው ዜና እንደሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳል።

መምህሩ፦ ከዓረፍተ ነገሩ አልሽ? «ብርሃንና ሰላም»ን በምን ትረጂዋለሽ?

ፕሮግራመሯ፦ ማተሚያ ቤቱን?

መምህሩ፦ አየሽ! ማተሚያ ቤቱ በ1914 ተቋቋመ። በታኅሣሥ 1917 ደግሞ በዚያው ስም ጋዜጣ ወጣ፤ ጣልያን እስኪገባ ድረስ ዘለቀ። አሁን እኔ ደብተሬ ላይ «ብርሃንና ሰላም፣ 1921» ብዬ የጻፍኩት አለ። አንዳንዱ ጋዜጣው ነው፣ አንዳንዱ እዚያ የታተመ መጽሐፍ ነው።

ፕሮግራመሯ፦ እኔ ሁሉንም ሳይት አድርጌዋለሁ።

መምህሩ፦ ታዲያ ማተሚያ ቤቱን የሥራ ርዕስ አደረግሽው። ድርጅት እኮ ነው።

ፕሮግራመሯ፦ ለምን ሁለቱንም በጥቅስ ምልክት ጻፉት ታዲያ?

መምህሩ፦ የጥቅስ ምልክት ብዙ ሥራ አለው፤ የድርጅት ስምም ይከበባል፣ ሽሙጥም ይከበባል፣ ንግግርም ይከበባል። ቀዩ ቀለምም እንደዚያው ነው። በብራና ላይ የቅዱሳን ስም ቀይ ነው፣ የምዕራፍ መግቢያ ቀይ ነው። ያየው ሰው የትኛው ለምን እንደቀላ የሚያውቀው ስላነበበው ነው።

ፕሮግራመሯ፦ እኔ የምፈልገው ያንን ነው። እርስዎ አንብበው የሚያውቁትን ገጹ ላይ ማስቀመጥ። መልክ አንድ ሆኖ ትርጉም ሁለት ሲሆን፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ መለየት አለበት፤ ፕሮግራም አይችለውም። ዛሬ ማታ ሁሉንም «ብርሃንና ሰላም» ዘርዝሬ አምጥቼልዎ ጋዜጣ ወይም ማተሚያ ቤት እያሉ ይነግሩኛል።

መምህሩ፦ አብሽሪ፣ እንለየዋለን። መብራት ካለ።

ፕሮግራመሯ፦ አሁን የጥቅስ ምልክቱን እንወስን። መዝመሙን ካነሣሁ በኋላ « እና » በሲኤስኤስ እንዲመጡ ማድረግ እችላለሁ። ሳይት በተባለ ርዕስ ሁሉ ፊትና ኋላ ብሮውዘሩ ራሱ ይስልልናል። እኔ መጻፍ አይጠበቅብኝም።

መምህሩ፦ ደስ የሚል ነገር ነው። ምን ያስቸግራል?

ፕሮግራመሯ፦ ሲገለብጡት ያስቸግራል። እርስዎ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ቀድተው ቴሌግራም ላይ ለተማሪዎችዎ ይልካሉ። በሲኤስኤስ የመጣ ምልክት አብሮ አይቀዳም። ቴሌግራሙ ላይ ሲደርስ ርዕሱ ምልክት የሌለው ባዶ ቃል ይሆናል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር አነበብኩ» የሚለው ያለ ጥቅስ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ያስቡት።

መምህሩ፦ የሐዘን መልእክት ይመስላል።

ፕሮግራመሯ፦ ስለዚህ ምልክቱን በእጄ እጽፈዋለሁ፤ ከሳይት ታጉ ውጭ፣ በሁለቱ ጎን። ምልክቱ የርዕሱ አካል ስላልሆነ ውስጥ አይገባም። መዝመም ጌጥ ነው፤ ቢጠፋ ምንም አይቀርም። የጥቅስ ምልክት ግን በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ነው፣ እንደ አራት ነጥብ። አራት ነጥብን በሲኤስኤስ የሚጽፍ ሰው የለም።

መምህሩ፦ ለጥቅስ የተሠራ ሌላ ታግ አለ ስትዪኝ ነበር።

ፕሮግራመሯ፦ ኪው። እሱ ሰው የተናገረውን ወይም የጻፈውን ለመጥቀስ ነው፤ ለርዕስ አይሆንም። ኤም የሚባለውም አይሆንም፤ እሱ ቃልን በድምፅ ጫን ብሎ ለማንበብ ነው። «እኔ ነኝ ያልኩህ» ሲባል «እኔ» የሚለው ላይ እንደሚጫነው። ርዕስ ላይ ኤም የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ምክንያታቸው እሱም ስለሚያዘምም ብቻ ነው።

መምህሩ፦ የእንግሊዝኛዎቹ ርዕሶችስ? እነሱ ቢዘምሙ ቅር አይለኝም። የትሪውልዚ ርዕስ በላቲን ፊደል ዘመም ብሎ ሲታይ ያምራል።

ፕሮግራመሯ፦ ለዚያ ላንግ የሚባል አለ። እያንዳንዱ ርዕስ በምን ቋንቋ እንደሆነ ታጉ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ሲኤስኤሱን «አማርኛ የሆነ ሳይት ይቁም፣ እንግሊዝኛ የሆነ ይዝመም» እለዋለሁ። ዋናው ነገር ግን መልኩ አይደለም። ማየት ለተሳነው ሰው ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም ላንግን አይቶ ድምፅ ይቀይራል። ሳይትን አብዛኞቹ አይናገሩትም፤ «እነሆ ርዕስ» ብለው አያስታውቁም። ላንግን ግን ይሰሙታል።

መምህሩ፦ እንግሊዝኛና አማርኛ ብቻ መሰለሽ እንዴ ደብተሬ?

ፕሮግራመሯ፦ አይደለም፤ ለዚህ ነው የደከምኩት። አማርኛ ኮዱ ኤ-ኤም ነው፣ ግዕዝ ጂ-ኢ-ዜድ ነው፤ ስለዚህ «ክብረ ነገሥት» አማርኛ ገጽ ላይም ቢሆን የግዕዝ ኮድ ይይዛል። የበርታ ቋንቋ ደብልዩ-ቲ-አይ፣ ጉሙዝኛ ጂ-ዩ-ኬ፣ ሺናሽኛ ቢ-ደብልዩ-ኦ፣ ኮሞኛ ኤክስ-ኦ-ኤም። ሁሉም ዓለም አቀፍ ኮድ አላቸው። የኛ ክልል ድረ ገጾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ገጹን በሙሉ «እንግሊዝኛ» ብለው ያስቀምጡታል፤ ገጹን ሲጀምሩ የተገለበጠው ሞዴል እንግሊዝኛ ስለሆነ።

መምህሩ፦ ጉሙዝኛውን በየትኛው ፊደል አደረግሽው? በግዕዝ ፊደል የተጻፈም፣ በላቲን የተጻፈም አለ።

ፕሮግራመሯ፦ ፊደሉም በኮድ ይጨመራል። «ጉሙዝኛ በግዕዝ ፊደል» ወይም «ጉሙዝኛ በላቲን» ተብሎ። ሌላም ነገር አለ። ለጉሙዝኛ የተጨመሩ ሆሄያት አሉ፤ እኛ «ሀ ሁ» ብለን የምንቆጥረው ውስጥ የሌሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እነዚያ የጉሙዝኛ ሆሄያት ግን በ2010 ነው የገቡት፣ ከጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ እና ከባስኬቶ ሆሄያት ጋር።

መምህሩ፦ 11 ዓመት ቆይተው።

ፕሮግራመሯ፦ አዎ። አሁንም ያረጀ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ የጉሙዝኛ ርዕስ ላይ ሆሄያቱን የሚያውቅ ፎንት አብሬ እልካለሁ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል አለ፣ ኖቶ አለ። የትኛው ርዕስ ላይ ልላክ የሚለውን የሚነግረኝ ያው የላንግ ኮዱ ነው።

መምህሩ፦ የአረብኛዎቹስ? «አል-ዓለም» ጋዜጣ፣ ሌሎችም አሉ።

ፕሮግራመሯ፦ እሱ ቀኑን ሙሉ አስለቅሶኛል። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገር መሃል የአረብኛ ርዕስ ሲገባና ከኋላው ዓመተ ምሕረት ሲከተል ቁጥሩ ዘሎ ከርዕሱ ፊት ይቆማል። ርዕሱን ቢዲአይ በሚባል ታግ ከጎረቤቶቹ ከለልኩት፤ አቅጣጫው ለራሱ ብቻ ሆነ፤ ቁጥሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዝርዝርዎ ውስጥ ብዙ ሰዓት የፈጀው ይሄ ነው።

መምህሩ፦ ይሄን ሁሉ ስታደርጊ ለጉግል ይጠቅመዋል? ተማሪዎቼ ፈልገው ያገኙታል?

ፕሮግራመሯ፦ እውነቱን ልንገርዎ፣ በሳይት ምክንያት ወደ ላይ ከፍ አይልም። ለመገኘት ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ለጥናታዊ ጽሑፎች ጉግል ስኮላር ገጹ አናት ላይ ርዕሱን፣ ደራሲውንና ዓመቱን ለየብቻ የሚነግሩ ሜታ ታጎች ይጠብቃል። ለመጻሕፍቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ትልልቆቹ የፍለጋ ድርጅቶች የተስማሙበት ስኪማ የሚባል መዝገበ ቃላት አለ፤ «ይህ መጽሐፍ ነው፣ ስሙ ይህ ነው፣ ደራሲው እገሌ ነው፣ ቋንቋው ይህ ነው» ይባልበታል። እሱን ከሳይት ጋር አስቀምጣለሁ። አንዱ አንዱን አይተካም።

መምህሩ፦ ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር?

ፕሮግራመሯ፦ እሱን እንዳይጠይቁኝ ስፈራ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» 1958 ላይ ታተመ ካልን በነሱ 1965 ወይም 1966 ነው፤ ወሩን ካላወቅን የትኛው እንደሆነ አናውቅም።

መምህሩ፦ ወሩን ካላወቅን አንገምት። ለሰው 1958 ብለሽ ጻፊ፣ ለማሽኑ ዝም በይ።

ፕሮግራመሯ፦ ሜታ ታጉ ግን ዓመት ይፈልጋል።

መምህሩ፦ ይፈልግ። የተሳሳተ ዓመት ከመስጠት ባዶ ይሻላል። ካታሎግ ላይ አንዴ የገባ ስሕተት ከዚያ እየተቀዳ የት እንደሚደርስ አላየሽም።

ፕሮግራመሯ፦ እስማማለሁ። ሌላ አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ስለ ትርጉም። ተማሪዎቹ ገጹን በስልካቸው ወደ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉሙት ብሮውዘሩ ርዕሶቹንም ይተረጉማቸዋል። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ምዕራፍ የሚመስል ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሳይት በሆነ ሁሉ ላይ «አትተርጉም» የሚል ምልክት ልጨምር ነው።

መምህሩ፦ ለምን ሁሉም ላይ? አማርኛ የማያነብ ሰው ርዕሱ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አይፈልግም?

ፕሮግራመሯ፦ ፍቺውን ከጎኑ እንጽፍለታለን፤ እኛ የተረጎምነው መሆኑ ታውቆ፣ ከሳይት ውጭ። ርዕሱ ራሱ ግን መጽሐፉን ሲፈልግ የሚይዘው ነገር ስለሆነ ሳይነካ ይቆይ።

መምህሩ፦ ይሁን። አሁን ወደ ደብተሩ መጨረሻ ሂጂ። እዚያ የተመዘገበው ጽሑፍ አይደለም፤ የድምፅ ቅጂ ነው። የበርታ ዋዛ። ቅሉ ተቀጣጥሎ የሚሠራው ረጅም መለከት፣ አዝመራ ሲገባ በቡድን የሚነፋው። ባለፉት ዓመታት በቴፕም በስልክም የቀዳኋቸውን አስቀምጫለሁ።

ፕሮግራመሯ፦ እነዚህን ነበር ዛሬ ልጠይቅዎ ያሰብኩት። ዘፈን ሳይት ውስጥ ይገባል ብያለሁ። እርስዎ ግን የጻፉት «ረጅሙ፣ ማታ የተነፋ» ነው። ቀጥሎ «ሕፃናት የሚያለቅሱበት» ይላል። እነዚህ ርዕስ ናቸው?

መምህሩ፦ አይደሉም። ለራሴ እንዲያስታውሱኝ ብዬ የጻፍኳቸው ናቸው።

ፕሮግራመሯ፦ እንግዲያው ሳይት አይሆኑም። የእርስዎ ገለጻ ነው እንጂ የሥራው ስም አይደለም። ሳይት ብናደርጋቸው ነገ አንድ ተመራማሪ «ሕፃናት የሚያለቅሱበት» የሚባል የበርታ ዜማ አለ ብሎ ይጽፋል።

መምህሩ፦ ይጽፋል፣ አውቀዋለሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስም ለሌለው ሥራ ካታሎግ ሠሪው የሰጠው መጠሪያ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል። እንደዚያ አድርጊልኝ። ያለ ጥቅስ፣ ያለ ሳይት።

ፕሮግራመሯ፦ ነፊዎቹ ለዜማዎቹ ስም የላቸውም ግን? ዝም ብለው ነው የሚጀምሩት?

መምህሩ፦ ከሁሉም በፊት ያንን መጠየቅ ነበረብኝ። አንዱ ሲነሣ ሌሎቹ የትኛውን እንደሚነፉ ተግባብተው ነው የሚከተሉት፤ አንዳች መጠሪያ ሊኖር ይችላል። ገበያ ቀን ሽማግሌዎቹን አገኛቸዋለሁ። ስም ካላቸው ያንጊዜ ቅንፉን አውጥተሽ ሳይት ታስገቢያለሽ።

ፕሮግራመሯ፦ በበርታ ኮድ።

መምህሩ፦ በበርታ ኮድ።

ፕሮግራመሯ፦ ፊደሉስ? በላቲን ልጻፈው ወይስ በአረብኛ?

መምህሩ፦ ስሙን ሲነግሩኝ እንዲጽፉልኝም እጠይቃቸዋለሁ። እነሱ በጻፉት አድርጊው።